ሣርን ብቻውን አናከፋፍል
(ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት)

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ዝናቡ ረጅም፣ ምድሩም አብዛኛውን ዓመት ለምለም በመሆኑ፣ ስለ ከብት መኖ ስናነሣ የምንሰማው መልስ «ሣር መቼ ጠፋና!» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሣር አልጠፋም። ይሁን እንጂ ከቡናው ዳር ታስራ የምትውለው ላም የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፤ ወተቷም ከጥጃዋ ብዙ አይተርፍም። በእኛ አስተያየት የጎደለው ሣር ሳይሆን ፕሮቲን ነው።

እንደሚታወቀው የሚያመሰኩ እንስሳት ሣሩን የሚያብላሉት በትልቁ ጨጓራቸው ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ነው። እነዚህ እንዲሠሩ መኖው ደርቆ ሲመዘን ቢያንስ ከመቶ 7 እጅ ያህል ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። ከዚህ ሲወርድ ሣሩ ከጨጓራ ቶሎ አያልፍም፤ ላሚቱም ሆዷ ሞልቶ እየታየ የምትበላው ይቀንሳል። በሞቃትና ዝናባማ አገር ደግሞ ሣር ፈጥኖ እንደሚያድግ ሁሉ ፈጥኖ ያረጃል። ከሰው ቁመት ያለፈ ዝሆኔ ሣር ፕሮቲኑ ወደ ከመቶ 5 እጅ ሊወርድ ይችላል። የባቄላና የአተር ዘመድ የሆነው የዴስሞዲየም ሐረግ ግን በደህና ጊዜ ከታጨደ ከመቶ 16 እጅ ያህል ይገኝበታል።

ሒሳቡን እንሥራው። 250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን ደርቆ ሲመዘን 6 ኪሎ ያህል መኖ ትበላለች እንበል። ሁሉም ያረጀ ዝሆኔ ሣር ከሆነ የምታገኘው ፕሮቲን 300 ግራም ነው። ሣሩን 4 ኪሎ አድርገን 2 ኪሎ ዴስሞዲየም ብንጨምርበት 520 ግራም ይሆናል፤ ይኸውም ከመቶ 8.7 እጅ ገደማ ነው። አንድ ሦስተኛው ሐረግ ሲሆን ሣሩም ራሱ መብላላት ይጀምራል።

ስለዚህ ዝሆኔም ሆነ ደሾ ሣር ብቻውን ማከፋፈል ይቅር እንላለን። የተከፋፈለ ቁርጥራጭ ብዛት በሪፖርት ላይ ያምራል፤ ላሚቱ ግን ሪፖርት አትበላም። ሣር የሚወስድ ገበሬ ሐረጉንም አብሮ ይውሰድ።

«ዴስሞዲየም አዳጋች ነው፣ ሣሩ ይውጠዋል» የሚሉን ሠራተኞች አሉ። ይህ አለምክንያት አይደለም። ዘሩ ደቃቅ፣ ቡቃያውም አዝጋሚ ነው። በዘር ፈንታ የጠነከረ ሐረግ እየቆረጡ ዝናብ በጠገበ መሬት በሣሩ መደዳዎች መካከል መትከል ይቻላል፤ እስኪይዝ ድረስ ማረም ግን የግድ ነው። ሣሩን አንድ ሜትር ያህል ሲደርስ፣ ይኸውም በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ማጨድ ብርሃን ይሰጠዋል። ሐረጉ የሚያቆጠቁጠው ከግንዱ ላይ ካሉት አንጓዎች ስለሆነ ከመሬት 15 ሣንቲ ሜትር ያህል ሳይተውለት የሚያጭድ ሰው ተክሉን ይገድለዋል። ይህን ለገበሬው በቃል መንገር አይበቃም፤ ማጭድ ይዞ ማሳየት ያስፈልጋል።

በዚህ አገር ሌላም ነገር አለ። በቤንችና በሸኮ አካባቢ የሚገኘው፣ ሻኛ አልባው የሸኮ ከብት ገንዲን በመቋቋም የታወቀ ነው። ከሌሎች ከብቶች ጋር እየተዳቀለ ንጹሑ ዝርያ ቁጥሩ እየተመናመነ ሄዷል። «ወተት አይሰጥም፣ በሌላ ዝርያ ይተካ» የሚለውን ሐሳብ ከመቀበላችን በፊት ምን እየበላ እንደሆነ መጠየቅ አለብን። የገንዲን በሽታ የመቋቋም ኃይሉም ቢሆን ሲራብ ይደክማል። መኖ መድኃኒትን አይተካም፤ የታመመ ከብት ይታከም።

የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት የችግኝ ጣቢያ፣ ውኃና ችግኝ የሚያውቅ ሠራተኛ ካላቸው ከቡናው መደብ አጠገብ ሁለት መደብ ለዴስሞዲየም ይመድቡ። በቡና ለቀማ ወራት እጅ ስለማይገኝ ሥራው ከዚያ አስቀድሞ ይሁን። በመጋቢትና በሚያዝያ ዝናቡ ሲጀምር የተተከለ ሐረግ ለቀማው ሳይደርስ ሥር ይሰድዳል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ለአባላት የሚቆረጠው ከዚያው መደብ ይሆናል።