በጣሳ የሚሸመት ጨው

ልጅ ትምህርት ሲከብደው «ሰነፍ» ማለት ይቀናናል፤ እኔም በወጣት መምህርነቴ ብያለሁ። ዛሬ ግን ከተግሣጹ በፊት የጨው ዕቃው ይታይ እላለሁ።

ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 120 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልገዋል፤ ሲጎድል የሚመጣው እንቅርት ብቻ አይደለም፣ አእምሮም ይጎዳል። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት የአሰብ ጨው ሲቋረጥ አዮዲን ያልገባበት የአፍዴራ ጨው የኢትዮጵያን ገበያ ያዘ፤ አዮዲን መጨመር ግዴታ የሆነው በ2003 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ቢሆን ያለው የታሸገውን ይገዛል፤ ድሃዋ እናት ፀሐይ ሲመታው ከዋለ ጆንያ በጣሳ ትሸምታለች። እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

ክረምት አገር ቤት የምትሄዱ ወላጆች፣ ለገጠር ዘመድ ከስኳሩ ጋር አዮዲን ያለው የታሸገ ጨው ያዙ። ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲልም ይጨመር።