ዲሴምበር ላይ ልጆች ይዛችሁ አዲስ አበባ ለምትሄዱ

ከመምህራን ለወላጆች

 

የዓመቱ መጨረሻ ሲቃረብ፣ ቅዳሜ ልጆች ልትወስዱ ስትመጡ በር ላይ የምንሰማው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ዘንድሮ ልጆቹን ይዘን አገር ቤት ልንገባ ነው፤ ምን እናሳያቸው?» እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። የዚህ ወር ገጽ ተራው የእኔ ስለሆነ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ።

ነገሩ የሽርሽር ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ልጆቻችን እዚሁ ጀርሚስተንና አካባቢው ተወልደው አያቶቻቸውን የሚያውቁት በስልክ ነው። አያት «እንዴት ነህ የኔ ጌታ?» ይላሉ፤ ልጁ «ፋይን» ይልና ስልኩን ለእናቱ ያቀብላል። እዚያ ሲደርስ ግን ስልኩን የሚያቀብለው ሰው የለም፣ አያትየው ፊት ለፊት ቁጭ ብለዋል። ሦስትና አራት ሳምንት በደንብ ከተያዘ፣ እኛ ዓመቱን ሙሉ በቅዳሜ ከምናስተምረው የበለጠ ያስተምራል። ካልተያዘ ደግሞ ልጁ ሶፋ ላይ በእንግሊዝኛ ካርቱን ሲያይ ከርሞ ይመለሳል። አያቶቹም ሁልጊዜ አይጠብቁንም።

ሻንጣና ሰዓት

ሹራብ ያዙ። እዚህ በጋ ስለሆነ ልጆቹ በቁምጣ ይነሳሉ፤ አዲስ አበባ ግን በዚያ ወር ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ማታና ጠዋት ይበርዳል። ከተማው 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ጆበርግ 1,750 አካባቢ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ልጆቹ ደረጃ ሲወጡ ቢያለከልኩ አትደንግጡ፣ ውኃ ስጧቸውና ቀስ ይበሉ።

ሰዓት ደግሞ ከአሁኑ አስተምሯቸው። የሁለቱ አገር ልዩነት አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ልጆቹን የሚያደናግራቸው አቆጣጠሩ ነው። አክስት «ነገ ሦስት ሰዓት እንወጣለን» ስትል ልጁ ከምሳ በኋላ ይመስለዋል፤ ጠዋት ተቀስቅሶ ያለቅሳል። ቤት ውስጥ አንድ የግድግዳ ሰዓት በሀበሻ አቆጣጠር ሙሉና ለሁለት ሳምንት በእሱ ብቻ ተነጋገሩ። ስድስት መደመርና መቀነስ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ቀላል ሒሳብ ነው።

ከተማውን ስታሳዩ

አንድ ነገር ለእናንተ ለወላጆች ልንገራችሁ፤ የድሮዋን አዲስ አበባ አትፈልጉ። ከአሥር ዓመት በፊት የወጣችሁ ብዙ ቦታ አታውቁም። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፤ ካዛንቺስም አብዛኛው ሄዷል። «እዚህ ጋ ነበር የምንኖረው» ብላችሁ ልታሳዩ የምትሄዱበት ቦታ መንገድ ወይም አረንጓዴ ሣር ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ልጁ የእናንተን ሐዘን አይረዳም፣ ማዘናችሁን ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ አስቀድማችሁ አንድ የድሮ ፎቶ አሳዩትና ታሪኩን እዚህ ንገሩት፤ እዚያ ስትደርሱ አብሯችሁ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ብሔራዊ ሙዚየም ውሰዷቸው፣ አምስት ኪሎ ነው። እዚህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ማሮፔንግና ስተርክፎንቴይን ስለሚወስዱ ብዙዎቹ የታውንግን ልጅ ታሪክ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1924 የተገኘው ያ የሕፃን ራስ ቅል እዚሁ ጆሀንስበርግ ዊትስ ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው። ድንቅነሽ በ1974 አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። «የታውንግ ልጅ ዘመድ አዲስ አበባ አለች» በሏቸው። የተወለዱበት አገርና የወላጆቻቸው አገር በአንድ ታሪክ ሲገናኙ ዓይናቸው ይበራል። «ሉሲ» የሚለውን ከትምህርት ቤት ያመጡታል፤ «ድንቅነሽ» የሚለውን እናንተ ስጧቸው፣ ትርጉሙንም ራሳቸው እንዲገምቱ ተዋቸው።

ከዚያ ወደ ላይ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው ሙዚየም ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረ ሕንፃ ነው፤ የንጉሡ መኝታ ቤት እስካሁን ይታያል። ግቢው ውስጥ ጣሊያኖች የሠሩት ወደ ሰማይ የሚወጣ ደረጃ አለ፤ ጫፉ ላይ አሁን የተቀመጠው የይሁዳ አንበሳ ነው። ልጆች «ወዴት ነው የሚያስወጣው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የትም አያስወጣም፤ ወራሪዎቹ ለራሳቸው መታሰቢያ ብለው ነው የሠሩት። አንበሳው ለምን እላዩ እንደተቀመጠ አስረዷቸው። የአምስት ዓመቱን ወረራ ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የቀለለ መጽሐፍ አላየሁም።

ፒያሳ የካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨርሱ። አጠገቡ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና በፈረስ ላይ ያሉት ምኒልክ ሐውልት ናቸው።

አሁን ደግሞ የማንዴላን ነገር ላንሳ። ልጆቻችን ማንዴላን ከትምህርት ቤት ያውቁታል፣ ግን የእናትና የአባታቸው አገር በታሪኩ ውስጥ እንዳለች ብዙዎቹ አልሰሙም። እ.ኤ.አ. በ1962 ማንዴላ አዲስ አበባ መጥቶ በአፍሪካውያን ጉባኤ ላይ ተናገረ። በኋላም ተመልሶ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰደ። የያዘው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነበር፤ ስሙም ዴቪድ ሞትሳማዪ ተብሎ ተጽፎበታል። ሥልጠናው ስድስት ወር የታሰበ ቢሆንም ሳይጠናቀቅ አገሩ ጠራችው፤ ተመልሶ ኦገስት 5 ሃውዊክ አጠገብ ተያዘ። ኮልፌን በታክሲ ስታልፉ ይህን ንገሯቸው። እዚህ ደግሞ ሪቮኒያ ያለውን ሊሊስሊፍ አሳዩዋቸው፤ ከኢትዮጵያ በስጦታ ያገኘው ሽጉጥ እዚያ ግቢ ተቀብሮ እስካሁን አልተገኘም። «አንተ ከየት ነህ?» ተብሎ የሚጠየቅና ለመመለስ የሚያፍር ልጅ ካላችሁ፣ ይህ ታሪክ አንገቱን ቀና ያደርግለታል።

ተያይዞም የአፍሪካ አዳራሽ አለ። ግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ትልቁ የመስታወት ሥዕል የአፍሪካን ያለፈውን፣ ያሁኑንና የወደፊቱን ያሳያል። የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ስለሆነ ቀድማችሁ ተመዝገቡ፣ ፓስፖርትም ያዙ።

ለማንበብ የጀመሩትን አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አስገቧቸው። ሰው ሁሉ በአማርኛ ሲያነብ ማየት ለልጆቻችን አዲስ ነገር ነው፤ ፊደል የቅዳሜ ቅጣት ብቻ ይመስላቸዋልና።

የእኔን ሰፈር አልረሳም። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ መሸጫ ነው። ልጁ ራሱ ዋጋ ይጠይቅ፤ «ስንት ነው?»፣ «ትንሽ ቀንሺልኝ»፣ «አመሰግናለሁ» ብቻ ይበቃል። ከዚያ ወደ እንጦጦ ውጡ። ከላይ ሆናችሁ ከተማውን ስታዩ «የአያቴ ቤት የቱ ጋ ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ አቅጣጫ ማስተማሪያ ነው። ግራ፣ ቀኝ፣ ወደታች፣ ከጀርባ፣ ማዶ።

ከአዲስ አበባ ውጭ ልትወጡ ካሰባችሁ ግን ስለመንገዱ ሁኔታ እዚያው ያሉ ዘመዶችን ጠይቃችሁ ብቻ ተነሱ።

ታክሲ ውስጥ

መኪና ያለው ዘመድ ቢኖራችሁም ቢያንስ ሁለቴ በሚኒባስ ሂዱ። እዚህ ታክሲ የሚቆመው በጣት ምልክት ነው፤ እዚያ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ይጠራል። ልጁ ጆሮውን ከፍቶ የቦታውን ስም ለይቶ መስማት አለበት። እዚህ «ሾርት ሌፍት» እንደምንለው፣ እዚያ ለመውረድ «ወራጅ አለ!» ይባላል። ይህን ቃል ለልጁ ስጡት፣ እናንተ ዝም በሉ። ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወራጅ አለ!» ብሎ ታክሲው በእሱ ቃል ሲቆም፣ አማርኛ የሚሠራ ቋንቋ መሆኑን ያን ቀን ያምናል።

አያት ቤት

ትልቁ ነገር እዚህ ነው። ልጆቻችን አማርኛ የሚሰሙት ከእኛ ብቻ ስለሆነ ሁሉንም ሰው «አንተ»፣ «አንቺ» ይላሉ። አያትን «አንተ ና» ማለት እዚያ ያስደነግጣል፤ ልጁ ግን ምን እንዳጠፋ አያውቅም። ከመሄዳችሁ በፊት አምስት አባባል ብቻ አስጠኑ፤ «እንደምን አደሩ»፣ «እርስዎስ?»፣ «ይቀመጡ»፣ «እግዜር ይስጥልኝ»፣ «ጠግቤያለሁ፣ ይቅርብኝ»። የመጨረሻዋ በተለይ ታስፈልጋለች፣ ጉርሻው ማለቂያ የለውም። ሰው ሲገባ መነሳትንም ጨምሩበት። ቤት ውስጥ ሀድይኛ፣ ከምባትኛ ወይም ኦሮምኛ የምትናገሩ፣ የዚያንም ሰላምታ አስጠኗቸው፤ አያት በራሳቸው ቋንቋ ሰላም ሲባሉ ደስታቸው ሌላ ነው።

ከገና በፊት የሚሄዱ ልጆች ጾም መሃል ይገባሉ። የሚጾም ቤት ካረፋችሁ ሥጋና ወተት ለምን እንደሌለ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ጃንዋሪ 7 የገና ዕለት ግን ትምህርት ቤት ሳይከፈት ስለሆነ፣ ብትችሉ እስከዚያ ቆዩ።

የአጎትና የአክስት ልጆች በአነጋገሩ ሊስቁ ይችላሉ፣ «ፈረንጅ» ሊሉት ይችላሉ። ልጁ ያን ጊዜ አፉን ከዘጋ እስኪመለስ አይከፍተውም። ለዘመዶቻችሁ ቀድማችሁ ደውሉ፤ «ሲሳሳት አትሳቁበት፣ ትክክለኛውን ደግማችሁ ንገሩት፣ በእንግሊዝኛም አትመልሱለት» በሏቸው። ደግሞ መብራት ሲጠፋ ሶፋውን ትታችሁ ከአያት ጎን ቁጭ በሉ። ልጆቻችን ሎድሼዲንግን ስለሚያውቁት አይፈሩም፤ ተረት የሚመጣው ያኔ ነው።

መሄድ ላልቻልን

ወረቀታችን ያላለቀልን፣ ወይም የትኬቱ ዋጋ የከበደን ብዙ ነን። አንዳንዶቻችንም ልጁን ከአክስቱ ጋር ልከን እዚህ እንቀራለን። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ልጆቹም ፊት አንፈርበት። ልጁ ብቻውን ከሄደ የእናንተን መልእክት ይዞ ይሂድ፤ በእጁ የጻፈውን አንድ ገጽ ለአያቱ ራሱ ያንብብላቸው። ሁላችሁም እዚሁ ከቀራችሁ ደግሞ አንድ ቀን ጄፒ ውሰዱት። ቡና የምትቆላ እናት፣ በርበሬ የሚመዝን ነጋዴ፣ በአማርኛ የተጻፈ ታፔላ እዚያ አለ። ልጁ ራሱ ይግዛ፣ ራሱ ይጠይቅ። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ለአያት ሲደወል ስልኩ መጀመሪያ ለልጁ ይሰጥ፤ አንድ ጥያቄ አዘጋጅቶ ይጠይቅ። «አያቴ፣ ልጅ ሆነው ምን ይጫወቱ ነበር?» ከተባሉ ግማሽ ሰዓት ያወራሉ።

ለሁሉም ልጆች የዕረፍት የቤት ሥራ ይኸው ነው። ከአያት ወይም ከማንኛውም ትልቅ ሰው አንድ አዲስ ቃል ሰምተው፣ በደብተራቸው በፊደል ጽፈው ይምጡ። ትርጉሙን አትንገሯቸው፣ ከተናገረው ሰው ይጠይቁ። ትምህርት ስንጀምር ቃሎቹን ሁሉ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን።

የምትሄዱ በሰላም ግቡ፣ በሰላም ተመለሱ። ለአያቶች ሰላምታችንን አድርሱልን።

የሁለተኛ ደረጃ ጀማሪዎች መምህርት