ሁለተኛው የልብስ ማስጫ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ልብስ ማስጫ ገመድ ነው። “እርሱ ደግሞ ምን ይጻፍበታል?” እንዳትሉኝ፤ ጥቂት ታገሡኝ።

ከባለቤቴ ጋር ለአገልግሎት ነፋስ መውጫ በገባን ሰሞን ገመዱን የዘረጋሁት እኔ ነበርኩ። ሁለት ቀጫጭን ባሕር ዛፍ አቆምኩ፤ ጉድጓዳቸው ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ጋቢና አንሶላ አስጥቼ ወደ ቤት ገባሁ። ስመለስ ሁሉም ጭቃ ላይ ተኝቷል! ይህች የላይ ጋይንት ከተማ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ስሟንም በከንቱ አላገኘችው። ጎረቤታችን የነበሩ እናት ስቀው፣ “አንች ልጅ፣ አውድማ ላይ እህል ሲያዘሩ አይተሽ አታውቂም? ገለባው የሚሄድበትን እይና ገመድሽን ወደዚያው ዘርጊ” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ነፋሱ ከጎን ከመጣ ጋቢው እንደ ሸራ ይወጠርና እንጨቱን ይነቅለዋል።

ስለዚህ ቋሚውን ክንድ ከስንዝር ቅበሩት፤ ዙሪያውን በድንጋይ ጠቅጥቁት። ከፍታው እጃችሁ የሚደርስበት፣ የሚሮጥ ልጅ አንገት ግን የማይደርስበት ይሁን። የዛገ ሽቦ ነጠላ ላይ የሚተወው እድፍ አይለቅምና የናይለን ገመድ ይሻላል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ጎን ለጎን በተዘረጉ ሁለት ገመዶች ላይ አስጡት። የመብራት ምሰሶ ላይ ግን ፈጽሞ እንዳታስሩ።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። ከእስቴ መካነ ኢየሱስ ለጉባኤ የመጣች አንዲት እናት ስለ ልጇ አማከረችኝ። ልጅቷ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ያሳክካታል፤ በየወሩም ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ቀስ ብዬ ስጠይቅ፣ ለወር አበባዋ የምትጠቀምበትን ጨርቅ አጥባ ከፍራሽ ሥር ነው የምታደርቀው። በግቢው ያለው ገመድ ከመንገድ ይታያል፤ አባትና ወንድሞችም አሉ። እናትየዋ አለቀሰች። እኔም አፈርኩ፤ በልጅነቴ ያደረግሁት ይህንኑ ነበርና። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

እኅቶቼ፣ እርጥብ ጨርቅ በጨለማ ሲቆይ ይሻግታል፤ ጀርምም ይራባበታል። በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ፈጽሞ መድረቅ አለበት። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ግንቦት 20 ቀን በዓለም ዙሪያ የወር አበባ ንጽሕና ቀን ይታሰባል። ዓለም በአደባባይ የሚነጋገርበትን እኛ ከገዛ ልጃችን ጋር በጓዳ እንኳ አንነጋገርበትም!

ያችን እናት በመጀመሪያ ልጇን ወደ ጤና ጣቢያ እንድትወስዳት ነገርኳት። ቀጥሎ ከቤቱ ጀርባ፣ በግድግዳውና በአጥሩ መካከል፣ ሁለት ሜትር የምትሆን ሌላ ገመድ እንድትዘረጋ መከርኳት። ከመንገድ አትታይ፤ ከላይ ግን ለፀሐይ ክፍት ትሁን። ነጠላ ደርባችሁ አትሸፍኗት፤ ያ ፀሐዩን መከልከል ነው። በክረምት፣ ፀሐይ በማይገኝበት ጊዜ፣ ጨርቁን ጣራ ሥር ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አድርቁና በከሰል ካውያ ሁለቱንም ገጽ ተኩሱት።

ቋሚውን የቆፈሩት አባትየው ናቸው። “ለምንድን ነው?” ሲሉ እናትየዋ፣ “ለልጃችን ነው” አለች፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቁም። በቅርቡ ስንገናኝ ልጅቷ ደኅና መሆኗን ነገረችኝ። ታናሽየዋም ስለ ደረሰች ሌላ ሁለት ሜትር ገመድ ገዝታ ነበር።