ከየትኛው ዛፍ?

«ያ ልጅ ይዞት የሄደው ዕጣን ምን ተገኘበት?» አሉኝ አጎቴ፣ መተማ ዮሐንስ ልጠይቃቸው በወረድኩ ጊዜ። ልጅ የሚሉት ዛሬ ዶክተር ነው። ለኬሚስትሪ ሦስተኛ ዲግሪው የዋልያ መቀር ሙጫ ፍለጋ ወደ ቆላው መጥቶ፣ አጎቴ በዚያ ሐሩር ሦስት ቀን አብረውት ዞረው የመረጡትን ዕጣን አስይዘውት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

ነገሩ የአንድ ሰው ውለታ ቢስነት ብቻ ቢሆን ብዕር ባላነሣሁ። ለመሆኑ በኬሚስትሪ ዶክተር ለመባል ምን ይጠየቃል? ኮርስ፣ አጠቃላይ ፈተና፣ የጥናት ዕቅድ፣ የዓመታት ላብራቶሪ፣ ዲሰርቴሽን፣ በፈታኞች ፊት መከላከል፤ በብዙ ቦታ ደግሞ በታወቀ ጆርናል የወጣ ጽሑፍ። በዛ፣ ይቀነስ የሚሉ አሉ። እኔ አንዱም አይቀነስ ባይ ነኝ። ሙጫው በእንፋሎት ተነጥሮ ዘይቱ ይወጣል፤ ዘይቱ በጋዝ ክሮማቶግራፊ ይለያያል፤ የውህዱ ማንነት በኤን ኤም አር ይመሰከራል። የዋልያ መቀር ዘይት አብዛኛው ኦክታይል አሴቴት ነው የምትለዋ አንዲት ዐረፍተ ነገር የምትጻፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። «አሸተትኩት» ብሎ ማለፍ የለም። የሙያው ክብርም ይኸው ነው።

የሚከነክነኝ ግን ከእነዚህ መሥፈርቶች አንዱም ፊቱን ወደ መተማ አለማዞሩ ነው። ጆርናሉ እንግሊዝኛ፣ ፈታኙ የሙያ ባልደረባ። ከጥቅምት ጀምሮ በጋውን ሙሉ ዛፍ ሲያደማ የሚከርመው ሰው «ናሙናው ከመተማ ተሰበሰበ» በምትል መስመር ይታለፋል። ተሰበሰበ! ዕጣን ራሱን ይሰበስባል እንዴ?

«ገበሬ ኦክታይል አሴቴት ምን ያደርግለታል?» ይሉኛል። አጎቴ ያን ልጅ ያኔውኑ ጠይቀውት ነበር፤ ለዓመታት ሲደማ የኖረ ዛፍ ዕጣንና ቢላዋ ያልነካው ዛፍ ዕጣን አንድ ነው ወይ ብለው። ልጁ ፈገግ ብሎ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት የዋልያ መቀር ዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊያሽቆለቁል እንደሚችል አስጠነቀቀ፤ ሽማግሌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው ችግኝ ከብትና እሳት አላሳድግ ብሎታል። ታዲያ የአጎቴ ጥያቄ ለሦስተኛ ዲግሪ ያንሳል? ኢንሴንሶል አሴቴት የተባለው የዕጣን ውህድ የአይጦችን ጭንቀት እንደሚያረግብ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጻፍ ዓለም ጉድ አለ፤ የዛፉን ጭንቀት የሚመረምር ግን ማን ነው?

በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ በጄኔቲክ ሀብቱና በዕውቀቱ ላይ መብት እንዳለው፣ ከጥቅሙም እንደሚካፈል ተደንግጓል። አዋጁ አለ፤ የጎደለው በመመረቂያው በር ላይ የሚጠይቅ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ መሥፈርት ይጨመር እላለሁ፦ ናሙና ከሰው ቀዬ የወሰደ ዕጩ፣ ውጤቱን በሁለት ገጽ አማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ጽፎ፣ እዚያው ሄዶ አንብቦ፣ የተጠየቀውንም መዝግቦ ካልተመለሰ ካባውን አይልበስ። ኤን ኤም አር ያነበበ ሰው ሁለት ገጽ አማርኛ ካቃተው፣ ያነበበውን መረዳቱን እጠራጠራለሁ።

ዲሰርቴሽኑን አፈላልጌ አገኘሁት። አጎቴ ዘንድ ተመልሼ፣ እንግሊዝኛውን እያፈረስኩ አነበብኩላቸው። ከሰንጠረዡ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ይህ የተገኘው ከየትኛው ዛፍ ነው? ከደከመው ነው ካልተነካው?»

ገጹን ወደ ኋላ ገለጥኩ፤ ወደ ፊትም ገለጥኩ። አልተጻፈም።