ነዳጅ የሚበላው ሴንሰሩ ነው?

የ«ቼክ ኢንጂን» መብራት በርቶ፣ መኪናችሁም ነዳጅ ማብዛት ጀምሮ፣ መካኒኩ ኮዱን አንብቦ «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል» ቢላችሁ የወር አስቤዛ ገንዘባችሁን ከመንካታችሁ በፊት ጥቂት ታገሡ። ባልም «ፔዳሉን ስለምትረግጪው ነው» ለማለት አይቸኩል።

ይህ ሴንሰር ጭስ ማውጫው ላይ ተሰክቶ በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ይለካል፤ የሞተሩ ኮምፒዩተር ያንን እያየ ነዳጅ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ኮዱ የሚያሳየው ችግሩ የታየበትን ቦታ ነው፤ የተበላሸውን ዕቃ ላይሆን ይችላል። ፒ0135 የሴንሰሩን ማሞቂያ መስመር ይጠቁማል፤ ምክንያቱ ግን የተቃጠለ ፊውዝ ወይም የተበጠሰ ሽቦ ሊሆን ይችላል። ፒ0171 ሲመጣማ ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ እውነቱን እየተናገረ ነው፤ የተሰነጠቀ የአየር ጎማ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ፈልጉ። ካንዴላ እሳት ሳይሰጥ ሲቀር ደግሞ ያልተቃጠለው ኦክስጅን ወደ ጭሱ ይሄዳል፤ ሴንሰሩ «ነዳጅ አንሷል» ይላል፤ ኮምፒዩተሩም አምኖት ነዳጅ ይጨምራል። የታመመው ካንዴላ፣ የተከሰሰው ሴንሰር! ከሴንሰሩ በፊት ያለው ጭስ ማውጫ ሲቀደድም የውጭ አየር ገብቶ እንዲሁ ያሳስተዋል።

እንግዲህ መካኒካችሁ በቴስተር ይለካው። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፤ ሴንሰሩ ራሱ 300 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ በትክክል አይሠራም። ሶኬቱ ሳይነቀል የሲግናሉ ሽቦ ሲለካ፣ የፊተኛው ሴንሰር ደህና ከሆነ ቁጥሩ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ሳያርፍ ይመላለሳል። ዝቅ ብሎ ከቀረ ወዲያው አይፈረድበት፤ ነዳጁ ለጊዜው ሲበዛ ወደ 0.8 ከዘለለ፣ ሲቀንስም ቶሎ ከወረደ፣ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ምንም ቢደረግ ካልተንቀሳቀሰ ወይም እየተጎተተ ከሄደ ግን ይቀየር። ከካታሊቲኩ በኋላ ያለው ሁለተኛው ሴንሰር በዚህ አይለካ፤ የእርሱ ረጋ ማለት የጤና ነው። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የሚገኘው የአየርና ነዳጅ ሴንሰርም አሠራሩ ስለሚለይ በስካነር ነው የሚታየው።

መቀየሩ ግድ ከሆነ አሮጌውን አስወጥታችሁ ጫፉን እዩት። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ ነጭ ነገር ከለበሰ የራዲያተር ውኃ ወይም ለማሸጊያ የተቀባ ሲሊኮን ደርሶበት ይሆናል። ያ ምክንያት ሳይስተካከል አዲሱ ከገባ እርሱም በጥቂት ጊዜ ውስጥ አሮጌውን ይከተላል።