አፍ ሳይናገር ሰውነት ስለሚመሰክረው ነገር

ልጆቻችሁ ሥራ ፈልገው በሰው ፊት በቆሙ ጊዜ አፋቸው ሳይናገር ሰውነታቸው ስለሚናገረው ነገር ዛሬ ጥቂት ለማሳሰብ እንወዳለን።

ይህ ነገር በአገራችን አዲስ አይደለም። አባቶቻችን ሹመት ወይም መተዳደሪያ ሲሹ በመኳንንት በር ቆመው ደጅ ይጠኑ ነበር። ደጅ ጠኚ ቃሉን ከማሰማቱ አስቀድሞ በሰውነቱ ይናገራል፤ ይኸውም ሸማውን አደግድጎ፥ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ይነሣል፤ የተሰጠውን በሁለት እጁ ይቀበላል፤ የታላቅ ሰውን ዓይን ትክ ብሎ አይመለከትም። ጌታውም ይህን ሁሉ እንደ ደብዳቤ ያነበው ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ በኋላም ደጅ የሚጠናበት በር በዛ እንጂ ልማዱ አልቀረም።

ዛሬ ግን ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን ፒያሳ በተባለው በአራዳ የሚኖር ወጣት፥ ማስታወቂያ ከሰሌዳ ወይም ከጋዜጣ አንብቦ ይመዘገብና በፈታኞች ፊት ይቀመጣል። ከፈታኞቹም ብዙዎቹ ዓይን ለዓይን የሚያየውን ደፋርና እውነተኛ፥ ያቀረቀረውን ግን ዐላዋቂ ወይም የሚሸሽገው ነገር ያለው አድርገው ይገምታሉ። እንግዲህ ቤት ጨዋነት ብሎ ያስተማረውን ቢሮ ጉድለት ይለዋል ማለት ነው።

እኛም በዚህ ነገር ተሳስተናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአራዳ ባለ በአንድ መሥሪያ ቤት ለጸሐፊነት የሚወዳደሩትን ስንፈትን፥ አንዲት ወጣት ገብታ ዓይኗን ሳታነሣ በለሆሳስ መለሰችልን። ድፍረት የላትም ብለን ዝቅተኛ ነጥብ ጻፍንባት። እጅ ነሥታ ስትወጣ ቀና ብንል የነጠላዋ ጥለት ወደ አንገቷ ወጥቶ አየን። ይህም የኀዘን አለባበስ መሆኑ የታወቀ ነው። በማግሥቱ ጠይቀን ስንረዳ አባቷን ከቀበረች ገና ሳምንት አልሞላትም፤ ተራዋ እንዳያልፋት ብላ ከድንኳን ተነሥታ መጥታ ኖሯል። እንደ ገና እንድትሰማ ብንለምንም ጉባኤው ውጤቱን ፈርሞ ዘግቶት ነበር። ዓይኗን አላነሣችም ብለን የፈረድንባት እኛ የራሳችንን ዓይን ከወረቀት አላነሣንም ነበርና እስከ ዛሬ ይጸጽተናል።

ስለዚህ ልጆቻችሁን እንዲህ ብላችሁ ምከሩ። ሲገቡ እጅ ይንሡ፤ ተቀመጡ ሳይባሉ አይቀመጡ። ጥያቄ ሲሰሙና መልስ ሲጀምሩ የጠያቂውን ፊት ይመልከቱ፤ በሚያስቡበት ጊዜ ዓይናቸውን ቢያወርዱ ነውር የለበትም። እሺታቸውን እንደ ልማዳችን ቅንድብ በማንሣት ወይም ትንፋሽ ወደ ውስጥ በመሳብ ብቻ ሳይሆን በቃል ያሰሙ። ኀዘን ወይም ሕመም ቢኖርባቸው አስቀድመው ይናገሩ፤ ይህ ልመና ሳይሆን እውነትን ማስታወቅ ነው።

ፈታኞች የምትሆኑ ሹማምንትም አስተውሉ። በፍርድ አደባባይ እንኳ የምስክር ቃል ይመረመራል እንጂ በመልኩ ብቻ አይፈረድበትም። ያቀረቀረ ሁሉ ዐላዋቂ፥ ቀና ያለም ሁሉ ዐዋቂ አይደለምና፥ ድምፁ ዝቅ ያለውን በለዘበ ቃል ሁለተኛ ጠይቁት። ነጥብ ለመጻፍ ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ዓይናችሁን አንሡ።