ስሜን አስገቢልኝ

በየግቢው የሚወርደው ሙሾ ሰልችቶኛል። «ልጆቹን ቻት ጂፒቲ ገደላቸው፤ በግሩፕ መማር ድሮ ቀረ» ይሉናል። ድሮ? የትኛው ድሮ?

እኔ ያን ድሮ ኖሬበታለሁ። የግቢውን ስም አልጠራም። ለስድስት አንድ አሳይመንት ይሰጠናል። ከመካከላችን አንዷ ሰቃይ ናት። ሌሊቱን እሷ ታነጋለች፤ ጠዋት አምስታችን «ስሜን አስገባሽልኝ?» እንላለን። ማርኩ ለስድስታችን እኩል ይታደላል። «አንተ የሠራኸው የቱን ነው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም መምህር አልነበረም። ያን ጊዜ ትምህርት ሞተ ብሎ ያለቀሰ ማን ነው? የዚያችን ልጅ ሥራ ማሽን ሲረከባት ነው ጩኸቱ የቀለጠው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

አንድ ለአምስትንስ ረሳነው? አንድ ጎበዝ፣ አምስት ተከታይ ተብሎ በየትምህርት ቤቱ ተደራጀ። ሪፖርቱ አማረ። ከዚያ የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ተሰጠ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ልብ በሉ፤ ልጆቹ የተፈተኑት በ2015 መግቢያ ነው። ቻት ጂፒቲ ለሕዝብ የተከፈተው ደግሞ ኅዳር 2015። ታዲያ ያን ውድቀት በማን እናላክክ? ገና ባልተወለደ ማሽን?

«እንከልክል» የሚሉትማ ይብሳሉ። ስልኩ ያለው በልጁ ኪስ ነው፤ ምኑን ነው የምትከለክሉት? ከከልካዮቹ መካከል ማታ ቤታቸው ገብተው የፈተና ጥያቄ በዚያው መሣሪያ የሚያወጡ አሉ። አውቃለሁ። እናንተም ታውቃላችሁ። ዝም ያላችሁት ፈርታችሁ ነው።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ያለው ጉብሬ ነው፤ አገሩ የእንሰት አገር ነው። ስድስት ተማሪዎች ስለ እንሰት አጠውልግ እንዲሠሩ ይታዘዙ። መጀመሪያ ስልኩ ይዘጋ። እያንዳንዱ የሚያውቀውን በእጁ ይጻፍ፤ ተከራክረው አንድ ያድርጉት። ከዚያ አንድ ስልክ፣ አንድ ብቻ፣ መሃል ይቀመጥ። «መልሱን ስጠን» አይባል። «የጻፍነው የቱ ጋ ይፈሳል? ጠይቀን፣ ሞግተን» ይባል። ማሽኑ ጥሩ ጠያቂ ነው። ሲሳሳት ግን ዓይኑን አያሽም፤ ያልተሠራ ጥናት ጠቅሶ ያሳምናል። ስለዚህ አንዱ ምንጩን እያጣራ ይቀመጥ። በሽታው ባክቴሪያ ነው፤ የታመመ እንሰት በቆረጠ ቢላ ወደ ጤነኛው እንደሚዛመት ማሽኑ ይነግራቸዋል። ግን የአንዷ ተማሪ እናት ጓሮ ገብታ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ስታልፍ ቢላዋን እሳት ታስነካለች ወይስ አታስነካም? ይህን ማሽኑ ከየት ያመጣል? ልጅቷ ትደውል! እናቷን ትጠይቅ! ቡድኑ ቡድን የሚሆነው ያኔ ነው፤ ማሽኑ የሌለውን ነገር ሰው ይዞ ሲመጣ። የጆካ ሸንጎ ላይ ለዳኝነት የሚቀመጥ የጉራጌ ሽማግሌ የአንድ ወገን ቃል ሰምቶ አይፈርድም። የልጅ ልጁ ስልክ ስለነገረው ብቻ ለምን ይፈርዳል?

«የክፍሉ ብዛት አያስችልም» ትሉኝ ይሆናል። ብዛቱ እውነት ነው፤ የመምህሩ ድካምም እውነት ነው። ግን ማንም ያልጻፈውን ሠላሳ ገጽ ማንበብ ነው ወይስ አንድ ቡድን አቁሞ ዐሥር ደቂቃ መጠየቅ ነው ጊዜ የሚበላው? ወረቀቱን ተዉት። ከስድስቱ አንዱን በዕጣ አስነሡ። እሱ ያስረዳ፤ ማርኩን ስድስቱም ይውሰዱት። ዕጣው በማን እንደሚወድቅ ካልታወቀ ሰቃይዋ ሌሎቹን ሳታስረዳ አታድርም፤ ሌሎቹም ሳይጠይቋት አይተኙም።

እኔን ያኔ አንድ ሰው እንዲህ ቢያስነሣኝ ኖሮ ያቺ ልጅ ለብቻዋ ባላነጋች ነበር። ነገ ክፍል ስትገቡ የስም ዝርዝሩን አስቀምጡና «ተነሥ፤ አንተ አስረዳን» በሉ።